ያላየሁትን «አየሁ» ብዬ ብመሰክር ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ወለተ ማርያም እባላለሁ፤ ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ሻጭ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለ 21 ካራት ቀለበት ከትሪው ጠፋ። በሰዓቱ የነበርነው እኔ፣ ሌላዋ ሻጭና የሚያጸዳውና የሚላላከው ልጅ ነን። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ለደንበኛ ሐብል ስመዝን ነበር፤ ዞር ስል ልጁ መሳቢያውን ሲዘጋ አየሁት። ቀለበት ሲያነሣ ግን አላየሁም። ልጁ አሁን ፖሊስ ጣቢያ ነው። አሠሪያችን «ሲወስድ አየሁት በይ፤ አለበለዚያ ነገ በዋስ ወጥቶ ይስቅብናል፤ ሌባ መሆኑን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን» ይሉኛል። እንቢ ብል ሥራዬን እንዳላጣ እፈራለሁ። ሁላችንንም ጊዮርጊስ ወስደው ሊያስምሉንም አስበዋል። በሌላ በኩል ልጁ እናቱን የሚጦር ድሃ ስለሆነ አንጀቴን በላው፤ ጭራሽ «ምንም አላየሁም» ብል ይሻላል? ስንቅ ይዤ ብጠይቀውስ ተባባሪ ያስብለኛል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ያላየሽውን አትመስክሪ። ያየሽውን ደግሞ አትደብቂ።

«በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ ባልንጀራችን ንጹሕ ሲሆን ብቻ የሚሠራ አድርገን የምንወስድ ብዙዎች ነን። ልጁ ቀለበቱን ወስዶት ቢሆን እንኳ፣ አንቺ ሳታዪ «አየሁ» ካልሽ ምስክርነትሽ ሐሰት ነው። ምስክር የሚጠየቀው ዓይኑ ያየውን ነው። «ሁላችንም እናውቃለን» የሚለው የአሠሪሽ ንግግር ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬ ለፖሊስ መነሻ ይሆናል እንጂ ለዳኛ ማስረጃ አይሆንም።

መጽሐፈ ሶስናን አንብቢው፤ አጭር ነው፣ በአንድ መቀመጫ ያልቃል። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ያውም ለሕዝቡ ዳኛ የነበሩ፣ ሶስናን አመነዘረች ብለው መሰከሩባት። ጉባኤው ሽበታቸውንና ሥልጣናቸውን አይቶ አመናቸው፣ ሞትም ፈረደባት። እግዚአብሔር ያስነሣው ብላቴናው ዳንኤል ታዲያ ከሰማይ እሳት አላወረደም። ሁለቱን ለያይቶ አቆማቸውና ለየብቻቸው «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» አለ። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፤ ሌላው ሌላ። በዚያው ተያዙ። ልደታ ፍርድ ቤት ችሎት ገብተሽ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ሲያቀርብ ብትሰሚ የዳንኤልን ሥራ ነው የምትሰሚው። አንቺም «ሲወስድ አየሁት» ካልሽ፣ «በየትኛው እጁ? ትሪው መሳቢያ ውስጥ ነበር ወይስ መስታወቱ ላይ? ሐብል እየመዘንሽ እንዴት አየሽ?» ትባያለሽ። ያን ጊዜ አንዱን ውሸት ለማቆም ሌላ ሦስት ትጨምሪበታለሽ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 453 በሐሰት መመስከርን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል።

አሠሪሽ «ካልመሰከርሽ ሌባ ይለቀቃል» ማለታቸው ከንዴት ነው፤ ንብረታቸው ነውና አይፈረድባቸውም። ነገር ግን እንደ እኔ እንደ እኔ ራሳቸውን እየጎዱ ነው። ልጁ ባልወሰደው ቢፈረድበት መዝገቡ ይዘጋል፤ የወሰደው ሰው ግን ነገም እዚያው ባንኮኒ አጠገብ ይቆማል። ከእንግዲህ ማንም አይፈልገውም፤ ከጥርጣሬ ያወጣው የእናንተው ምስክርነት ነው። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ብላቴና የሚያሰክር ነገር አጠጥተው፣ ወገቡ ላይ ጨርቅ አስረው ጫፉን ይዘው ይከተሉታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ሌባ ተገኘ ተባለ፣ ሰውም ረካ። የተሰረቀው ከብት ግን የሰረቀው ሰው በረት ውስጥ ነው። ያ ልማድ በኋላ ተከልክሎ ቀረ፤ ቶሎ አንድ ሰው ይያዝልን የሚለው ጥድፊያችን ግን አብሮት አልቀረም። እዚያው ፒያሳ አካባቢ የነበረው ማዕከላዊ የሚባለው የፖሊስ ምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ሰው እየተደበደበ ያልሠራውን አመነ የሚል ስንት አቤቱታ ተሰምቶበታል። በድብደባ የሚገኝ ቃል መርማሪውን ያሳርፋል እንጂ ወንጀለኛውን አያስይዝም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት አይኖረውም ይላል።

የዋሱን ነገር በተመለከተ፣ በዋስ የወጣ ሰው ከክስ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ በቀጠሮው ቀን ይቀርባል። የተያዘ ሰው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይታሰብ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ በሕግ ከተለዩ ሁኔታዎች በቀርም ዋስትና መብቱ ነው። በፍርድ እስኪረጋገጥበት ድረስ ጥፋተኛ ሆኖ አይቆጠርም። ይህ ከእምነታችን ጋር የሚጋጭ አይደለም። ኒቆዲሞስ ሊቃነ ካህናቱንና ፈሪሳውያኑን ሕጋችን ሰውየውን ሳይሰማ፣ ያደረገውንም ሳያውቅ ይፈርዳልን ብሎ የሞገታቸው ይህንኑ ነው።

«ምንም አላየሁም» ልበል ላልሽው ግን አልስማማም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 በፍርድ ለድሃ እንዳናደላ፣ ባለጠጋውንም እንዳናከብር በአንድ ቁጥር ላይ ታዘናል። ኀዘኔታሽ መልካም ነው፤ ቦታው ግን ምስክርነት ላይ አይደለም። መሳቢያውን ሲዘጋ አይተሻል፤ ስትጠየቂ ይህን በይ። ሲያነሣ አላየሽም፤ ይህንንም በዚያው ድምፅ በይ። ጀርባሽን ሰጥተሽ እንደነበር፣ ሌላ ሰውም በቤቱ እንደነበር አትተዪ። መርማሪው ቃልሽን ጽፎ ፈርሚ ሲልሽ አንብቢው፤ ያላልሽው ገብቶ ከሆነ ሳይታረም አትፈርሚ። ሰው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ «ሲዘጋ አየሁ» ያለችው ሴት ወረቀቱ ላይ «ሲያነሣ አየሁ» ብላ ትገኛለች። ያን ጊዜ ፊርማዋ የእርሷ ነው።

ጊዮርጊስ ሄዶ መማሉን ተዉት። ቤተ ክርስቲያን የምርመራ ክፍል አይደለችም፤ ታቦትም ሌባ ለማውጣት አይጠራም። እስቲ አስቢው፦ እግዚአብሔርን የሚፈራው ሰው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ለመማል ያመነታል፣ ፊቱ ይቀላል፤ ሌባው ግን ሳይሸማቀቅ ይምላል። ከዚያ ያመነታውን ትጠረጥራላችሁ። አሠሪሽ ሐሳባቸውን ካልቀየሩ ወደ ንስሐ አባታቸው ይሂዱ፤ እርሳቸው ይነግሯቸዋል።

ወሳጁ ልጁ ሆኖ ቢያምን፣ ወይም ሌላው ሰው ወጥቶ ቢያምን፣ የንስሐው መንገድ ዘኬዎስ የሄደበት ነው፤ የወሰደውን ይመልሳል። ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ስለ ደረሰ ቀለበቱ መመለሱ ክሱን በራሱ አያስቀርም። ሆኖም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና የደረሰውን ጉዳት መካስን ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ሽማግሌ ገብቶ ቀለበቱ ቢመለስ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ሽማግሌው ግን ያልወሰደ ሰው «ለሰላም ሲባል» ወሰድኩ እንዲል መገፋፋት የለበትም። ይህ ሲደረግ አይቻለሁ፤ ዕርቅ አይባልም።

ሥራሽን በተመለከተ ቀላል ነው አልልሽም። የቤት ኪራይ በየወሩ እንደሚጠብቅሽ አውቃለሁ። የወይን ቦታው ተፈልጎ በናቡቴ ላይ በሐሰት የመሰከሩት ሁለት ሰዎችም ከንግሥት ኤልዛቤል በኩል የመጣ ትእዛዝ ነበረባቸው፤ ታዘዙ፣ ናቡቴም በድንጋይ ተወገረ። አሠሪሽን ፊት ለፊት «ውሸት ነው» ብለሽ አታዋርጂያቸው። ለብቻቸው ሆነው ሳለ «ጋሼ፣ የማላውቀውን ብናገር ችሎት ላይ ተይዤ ጉዳዩን አበላሽብዎታለሁ፤ ያየሁትን ግን እናገራለሁ» በያቸው። ነጋዴ ናቸው፤ ይህ ስሌት ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ። ካልገባቸውም ያላየሽውን አትዪም።

ስንቅ ማድረሱ ተባባሪ አያደርግሽም። ጌታችን «ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋልና» ሲል የታሰረው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን አልለየም። የታሰረ ሰው ዘመድ፣ ወዳጅና የሃይማኖት አባት ሊጎበኙት እንደሚችሉ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ደንግጓል። ምግቡን ለተረኛው ፖሊስ አስፈትሸሽ ስጪው፤ እናቱ ሰላም መሆናቸውን ንገሪው። ስለ ቀለበቱ ግን አታንሺበት፤ እርሱም ቢያነሣ አትመልሺለት፤ ምስክር ነሽና።