ራይኛ የሚባል ቋንቋ አለ?

ጥያቄ፦ ኔፓል ውስጥ የራይ ሕዝብ ቋንቋ እየጠፋ ነው ሲባል ሰማሁ። ራይኛ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው ወይስ የኔፓልኛ ቀበልኛ? ልጆቹ ኔፓልኛ ካወቁስ ምን ይጎድልባቸዋል?

መልስ፦ ራይኛ የሚባል አንድ ቋንቋ የለም። ራይ የሕዝብ ስም ነው። በምሥራቅ ኔፓል ተራሮች ሸለቆ ሲሻገሩ ቋንቋውም ሊለወጥ ይችላል፤ ባንታዋ፣ ካሊንግ፣ ዱሚ፣ ኩሉንግ እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ሊምቡ ከሚባለው የጎረቤት ሕዝብ ቋንቋ ጋር ኪራንቲ የሚባሉ ሲሆን፣ የቲቤትኛና የበርማኛ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ኔፓልኛ ግን የሂንዲ ወገን ነው። እባክዎ ቀበልኛ አይበሏቸው፤ ቋንቋን ለማናናቅ የመጀመሪያው እርምጃ ይኼ ነው።

እኔ የቋንቋ ድምፆችን ስለማስተምር ልቤ ከራይ ቋንቋዎች አንዱ ወደሆነው ወደ ዋምቡሌ ያደላል። የሚነገረው የሱንኮሲና የዱድኮሲ ወንዞች በሚገናኙበት አካባቢ ነው። ሂሌፓኔና ዋምድያልን የመሳሰሉ የራሱ ቀበልኛዎች አሉት።

እስቲ ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ ያድርጉና "ጠ" ይበሉ። ወደ ላይ ብድግ ሲል ይሰማዎታል። ዋምቡሌ ተቃራኒው አለው፦ ማንቁርት ዝቅ እያለ የሚወጡ፣ "በ" እና "ደ"ን የሚመስሉ ሁለት ድምፆች። የአፋን ኦሮሞን "ዸ" የሚያውቅ ሰው ሁለተኛውን ለመያዝ ብዙም አይቸገርም። ኔፓልኛ እነዚህ ድምፆች የሉትም፤ ስለዚህ በኔፓልኛ ብቻ ያደገ ልጅ ተራውን "በ" እና "ደ" ይዞ ይቀራል።

ግሡም ቀላል አይደለም። እኛ "ነገርኩሽ" ስንል ተናጋሪዋም ሰሚዋም እዚያው ግሡ ውስጥ አሉ አይደል? የኪራንቲ ግሦችም በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው፤ ግን ሁለት ሰዎችን ከብዙ ይለያሉ። "እኛ" ሲባል አንቺም አለሽበት ወይስ የለሽበትም የሚለውንም ይናገራሉ። ልጁ የሚያጣው ይኼንን ሁሉ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1990 በነበረው የፓንቻያት ሥርዓት፣ ማለትም ንጉሡ ያለ ፓርቲዎች በሚገዙበት ዘመን፣ መንግሥት አንድ ቋንቋ፣ ኔፓልኛን፣ ነበር የሚያስፋፋው። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ሕገ መንግሥት አገሪቱ ውስጥ የሚነገሩትን የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋ ብሏቸዋል። ጥሩ ነው። ገበያውና ቢሮው ግን አሁንም በኔፓልኛ ነው፤ የተለያየ ቋንቋ ያላቸው ራዮችም እርስ በርስ የሚግባቡት በእሱ ነው። ልጆቹ ኔፓልኛ ይማሩ፤ ሁለቱንም መያዝ ይችላሉ። ዋምቡሌን ግን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቤት ውስጥ መስማት አለባቸው፤ ያ የማንቁርት ድምፅ ካደጉ በኋላ ሲማሩት ይከብዳል።