ናፍታሊኑን የያዘው አፈሩ ነው ወይስ ጠርሙሱ?

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ዋልካ አፈር ናፍታሊንን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ እየለካሁ ነው። በሊትር 10 ሚሊግራም ናፍታሊን ያለበትን 20 ሚሊሊትር ውሃ ከ2 ግራም አፈር ጋር በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጌ፣ 24 ሰዓት ሼከር (መነቅነቂያ ማሽን) ላይ አቆየሁት። ውሃው ውስጥ የቀረው በሊትር 4 ሚሊግራም ነው። ኬዲ (Kd፣ አፈሩ የመያዝ አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 15 ወጣልኝ። አማካሪዬ «በዛ» አሉ። የአፈሩ ኦርጋኒክ ማተር 1.7 በመቶ ነው። አፈር የሌለበት ብላንክም ወደ 8 ወርዷል። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጉዱ ያለው ብላንኩ ላይ ነው። አፈር በሌለበት በሊትር 2 ሚሊግራም የት ሄደ? ናፍታሊን ልብስ ሣጥን ውስጥ ለብል የምናስቀምጠው ያ ነጭ ኳስ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት አፍንጫ የሚመታው ስለሚተን ነው። ፕላስቲክም ይመጠዋል። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ አፈር የለካሁ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ፕላስቲክ ስለካ ከርሜያለሁ።

ኬዲ ማለት አፈሩ የያዘው ውሃው ውስጥ ለቀረው ሲካፈል ነው። ከ10 ስትነሺ ውሃው በሊትር 6 ጎደለው፤ ለ2 ግራም አፈር 20 ሚሊሊትር ውሃ ስላለ በ10 ሲባዛ አፈሩ በኪሎ 60 ሚሊግራም ያዘ፤ ለ4 ሲካፈል 15። ብዙ ሰው ብላንኩን አይቶ ከ8 ይነሳና 10 ያወጣል። እሱም ልክ አይደለም። አፈር ባለበት ጠርሙስ ውሃው ውስጥ ያለው ናፍታሊን ስላነሰ ፕላስቲኩም የሚወስደው ያንሳል። ውሃው 8 ላይ ሆኖ 2 ከወሰደ፣ 4 ላይ ሲሆን ወደ 1 ይወስዳል። ያኔ ኬዲ 12.5 ይሆናል። ከአንድ ሙከራ ሦስት መልስ! በሒሳብ አትለፊያት፣ ድገሚው።

የመስታወት ጠርሙስ፣ ክዳኑ ውስጡ ቴፍሎን የሆነ። ውሃውና አፈሩ ልክ የሚሞሉትን መጠን ምረጪ፤ ከላይ አየር ከቀረ ናፍታሊኑ እዚያ ይገባል። ውሃው 0.01 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ይኑረው፣ አለዚያ ዋልካ በሴንትሪፊውጅም በቀላሉ አይጠልልም። ባክቴሪያም ናፍታሊን ይበላል፤ ሶዲየም አዛይድ ይገታዋል፣ ግን ክፉ መርዝ ነውና ያለ ጓንት አትንኪው፣ አሲድም አታስጠጊው። ከሁሉ በላይ ውሃውን ብቻ ለክተሽ አትቁሚ። አፈሩንም ናፍታሊን በሚያሟማ ፈሳሽ (ሶልቬንት) አጥበሽ ለኪ። ሁለቱ ተደምረው ካስገባሽው ጋር ካልተቀራረቡ የሆነ ቦታ አምልጦሻል።

አማካሪሽ «በዛ» ያሉት ወደው አይደለም። ናፍታሊንን በዋናነት የሚይዘው የአፈሩ ኦርጋኒክ ካርቦን ነው። ኬዲ ለካርቦኑ ድርሻ ሲካፈል ሺህ አካባቢ ይወጣል። አንቺ 1.7ን እንዳለ ወስደሽ የሺህ 1.7 በመቶ፣ ማለትም 17 ጠብቀሽ ይሆናል፤ ስለዚህ 15 አልከነከነሽም። ግን ያ ኦርጋኒክ ማተር ነው፤ ካርቦን የእሱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ለ1.724 ሲካፈል ካርቦኑ 1 በመቶ ገደማ ነው፣ የሚጠበቀውም ወደ 10። የዋልካው ጥቁረት አያታልልሽ፤ ጠቆረ ማለት ካርቦን ሞላው ማለት አይደለም።

ናፍታሊኑን መጀመሪያ የምታሟሚው በሜታኖል ከሆነ፣ ሜታኖሉ ከውሃው 0.1 በመቶ አይለፍ።