በሶውን አትተወው፣ አቅጥነው

ወንድሜ፣ «ጠዋት በሶ ጠጥቼ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሶምሶማ ስሮጥ ከአራተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ጎኔን ይወጋኛል፤ ጂም ውስጥ እንጀራና በሶ ተው አሉኝ፣ ልተው?» ብለህ ለጠየቅከው፦ አትተው። ይሄ «እንጀራ ተው» የሚሉት ምክር በጣም ያናድደኛል፤ ብዙ ጊዜ ተከትሎት የሚመጣው የፕሮቲን ዱቄት ሽያጭ ነው። በእንጀራና በበሶ ያደጉ ሯጮች ዓለምን ባሸነፉበት አገር!

1. ጥፋቱ ውፍረቱና ሰዓቱ ላይ ነው። የገብስ ዱቄት ውኃ እየመጠጠ ይወፍራል፣ በጥብጠህ ካቆየኸው ገንፎ ሊሆን ምንም አይቀረው። እንዲህ ያለ በሶ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፤ ስትሮጥ ደሙ ወደ እግር ጡንቻ ስለሚሄድ ደግሞ መፈጨቱ ጭራሽ ይዘገያል። የሞላ ሆድ እየተናጠ ጎን መውጋቱን ያባብሰዋል። ለአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ውኃው ይቅደም፣ ዱቄቱን በላዩ እየነሰነስክ ምታው፤ ዱቄቱ ከቀደመ ይጓጎላል። እንደበጠበጥክ ጠጣው፣ ከሩጫው አንድ ሰዓት ተኩል በፊት። 12 ሰዓት ላይ የምትወጣ ከሆነ በ10 ተኩል ማለት ነው። ከአንድ ሰዓት ለሚያንስ ሶምሶማ ግን ይሄም አያስፈልግም፤ የማታው እራት ይበቃሃል።

2. እራቱን እየው። ረጅሙ ሩጫ ቅዳሜ ከሆነ ዓርብ ማታ የምትበላው የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን። ጥራጥሬ አንጀት ውስጥ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጠዋት መንገድ ላይ ሽንት ቤት የሚያስፈልገው በዚህ ነው። ለዚያች ማታ ብቻ እንጀራህን በድንች አልጫ ብላ፤ ሩዝ ወይም መኮሮኒ በቲማቲም ስጎም ጥሩ ነው። ሽሮው ለቅዳሜ ምሳ ይደርሳል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ጠዋቱን ተወው፦ 9 ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይና አንድ ሙዝ፣ 10 ተኩል ላይ ሩጫ፣ ዋናው ምግብ ከዚያ በኋላ። ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ ስለሚወጣ ግን ሳይጨልም ከሐይቁ ዳር ራቅ፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ውኃ ደግሞ በግምት አይሆንም። ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘን፤ የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ላብ ነው። ብዙ ካላበህ ውኃ ብቻ አትጋት፣ ጨውም ወጥቷል። ለዚህ ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ የአሳ ሾርባ የሚበልጥ አላውቅም፤ ውኃውንም ጨውንም አንድ ላይ ይመልስልሃል። መጀመሪያ ሾርባውን ቀስ ብለህ ጠጣ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተህ የቆሮሶ አሳውን ጥብስ እዘዝ። ዳጣውንም፣ የቃሪያ ማባያውን፣ ያኔ ነው እንደ ልብህ የምትጠቅሰው፣ ከሩጫ በፊት ጨጓራ ያቃጥላል።

እየሮጥክ ከወጋህ ፍጥነትህን ቀንስ፣ የሚወጋህን ቦታ በጣትህ ጫን፣ ትንፋሽህን ረዘም አድርገህ አስወጣ። በባዶ ሆድ ሮጠህም የሚወጋህ ከሆነ ግን የበሶ ጉዳይ አይደለምና ሐኪም ይየው።