ኃጢአቴ አያመኝም፤ ድኛለሁ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኮምቦልቻ ላይ የእህል ሱቅ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሚዛኑን ነካክቼ በኪሎ 50 ግራም ማጉደል ስጀምር እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር። አሁን ምንም አይሰማኝም። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ እንባ ግን የለኝም። ይህ ሰላም ነው? ንስሐ ለመግባትስ ጸጸቱ እስኪመጣ ልጠብቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላም አይደለም። ግን አብሽር፤ ጨርሶ የደነዘዘ ሰው “ለምን አያመኝም?” ብሎ አይጠይቅም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ክርስቲያኖች ሲጽፍ “ደንዝዘውም” የሚላቸው ሰዎች አሉ (ኤፌ. 4፥19)። መደንዘዝ ምን እንደሚያደርስ ከገዛ ሥጋችን እንማር። ጤነኛ እጅ የጋለ ምጣድ ሲነካ ባለቤቱ “አቃጠለኝ” ከማለቱ በፊት ይሸሻል። ትእዛዙ አንጎል እስኪወስን አይጠብቅም፤ ከሕብለ ሰረሰር ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን እጅህን ያንቀጠቀጠው እንዲህ ያለ፣ ሳታስበው የደረሰልህ ጠባቂ ነበር።

ጠባቂው ሲጠፋ የሚሆነውን የሥጋ ደዌ በደንብ ያሳየናል። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ በሽታና በቆዳ ሕክምና ይታወቃል። ብዙ ሰው ጀርሙ ጣት የሚበላ ይመስለዋል፤ አይበላም። የሚጎዳው ነርቭን ነው። ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይመቸዋል፤ ለቆዳ ቅርብ የሆኑትን ነርቮች፣ ለምሳሌ ክርንህን ስትመታ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝርህን፣ ቀስ እያለ ያደነዝዛል። ጀርሙ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ ሰውየው የፈላ ጀበና ያለ ጨርቅ ያነሣል። ጫማው ውስጥ የገባችውን ጠጠር ቀኑን ሙሉ ይረግጣታል፤ ማታ ሲያወልቅ ካልሲው በደም ርሶ ያገኘዋል። ስለማያመው በማግስቱም በዚያው እግር ይሄዳል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ይደርሳል፤ ጣት የሚያጥረው እንዲህ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ይህ በሽታ በዘር አይወረስም፣ እርግማን አይደለም፣ በመድኃኒት ይድናል። በዘሌዋውያን 13 ላይ ለምጽ የተባለውም ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመሞችን የሚያጠቃልል ነው። “ቆማጣ” እያልን የምንሳደብ ሰዎች ለዚህ ቃል ንስሐ ልንገባ ይገባናል። ሕመሙን ምሳሌ ያደረግሁት ታማሚው ከእኛ የባሰ ኃጢአተኛ ስለሆነ አይደለም።

ሐኪም የመደንዘዙን ልክ ሲመረምር ታማሚውን ዓይኑን ያስጨፍነዋል። በቀጭን የናይሎን ክር ወይም በእስክሪብቶ ጫፍ መዳፉንና ውስጥ እግሩን ነካ ነካ እያደረገ “የት ነካሁህ?” ይለዋል። ዓይን ከተገለጠ ግን በማየት ብቻ “ተሰማኝ” ይላል። እኛም እንዲሁ ነን። “አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው” (ምሳ. 11፥1) የሚለውን በቃላችን እንወጣዋለን፤ ስናውቀው የተሰማን ይመስለናል።

ጸጸቱ እስኪመጣ ልጠብቅ ላልከው፣ አትጠብቅ። የሥጋ ደዌ ታማሚ መድኃኒቱን የሚጀምረው የደነዘዘው እጁ እስኪሰማው ጠብቆ አይደለም። እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ሳያቋርጥ ይወስዳል። ነርቩ ከደነዘዘ 6 ወር ያልሞላው ሰው ቶሎ ከታከመ ስሜቱ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በዘገየ ቁጥር ይጠባል። ንስሐም ሥራ ነው፤ እንባው እግዚአብሔር ሲፈቅድ ይመጣል።

ስለዚህ ነገ ሱቅ ከመክፈትህ በፊት እርግጠኛ በሆነ የ1 ኪሎ ድንጋይ ሚዛንህን ፈትሽና አስተካክል። እያጎደሉ መናዘዝ ጠጠሯን ሳያወጡ ቁስል ማሰር ነው። ቀጥሎ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፤ “በብዙ በድያለሁ” ብለህ አትለፈው፣ ቁጥሩን ተናገር። በቀን 40 ኪሎ ብትሸጥ 2 ኪሎ አጉድለሃል። በ26 የሥራ ቀን 52 ኪሎ፣ ከግማሽ ኩንታል በላይ ነው። 5 ኪሎ ጤፍ የገዛችው እናት 250 ግራም ጎድሎባታል፤ ለእሷ ከልጆቿ መሶብ የተነሣ እንጀራ ነው። “አንድም ብልት ቢሠቃይ ብልቶች ሁሉ ከእርሱ ጋር ይሠቃያሉ” ይላል (1ቆሮ. 12፥26)። እግርህን እሾህ ሲወጋህ ዓይን ይፈልጋል፣ ወገብ ይጎነበሳል፣ እጅ ይነቅላል። ያንተ መደንዘዝ ከዚህ መተሳሰብ አውጥቶሃል።

የምታውቃቸውን ደንበኞች በገንዘብ ወይም በእህል ካስ። ሙስሊም ጎረቤትህም ከሆነ ዕዳው ያው ዕዳ ነው። የማታውቃቸውን ድርሻ ንስሐ አባትህ በሚሉህ መጠን ለችግረኛ ስጥ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ነበር (ሉቃ. 19፥8)፤ አንተ መጠኑን ለራስህ አትቁረጥ፣ የደነዘዘ እጅ ሙቀት አይለካም።

የሥጋ ደዌ ታማሚ በየቀኑ የሚያደርገውን አንተም አድርግ። እሱ ማታ ማታ እጅና እግሩን በዓይኑ ያያል፣ በውሃ ይዘፈዝፋል፣ ቅባት ይቀባል፣ ጫማውን አራግፎ ያጠልቃል፤ ውሃ ሙቅ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ስሜቱ ያልጠፋ ሰው ይጠይቃል። አንተም ከመኝታ ጸሎትህ በፊት የዕለቱን ሽያጭ በልብህ ዘርዝር። ባለቤትህን ወይም ደፍሮ የሚነግርህን ወዳጅ “ዛሬ ማን ላይ ከፋሁ?” ብለህ ጠይቅ፤ ሲነግርህ አትቆጣ።

የተጎዳ ነርቭ መልሶ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ እያደገ ሳለም ያቃጥላል፣ ይጠቀጥቃል። አንተም ከወራት በኋላ የዚያች እናት ፊት ሌሊት እየመጣ እንቅልፍ ቢነሣህ፣ ባሰብኝ ብለህ ንስሐውን አታቋርጥ፤ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው።