በሁለት ግጥሚያ መካከል ስለሚደረግ ጨዋታ
ለድሬዳዋ ወጣት የእጅ ኳስ ተጫዋቾች፦

በአሠልጣኝነት በቆየሁባቸው ከ30 በላይ ዓመታት ስለ አሰላለፍና ስለ መከላከል ብዙ ተጠይቄአለሁ፤ ቡድን በውድድር መካከል ዕረፍት ባገኘበት ቀን ምን ይሥራ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። መልሴ እግር ኳስ ይጫወት የሚል ነው።

የእኛ ስፖርት ሕግ ከበረኛው በቀር ማንም ኳሱን ከጉልበት በታች ባለው አካሉ እንዲጫወት ስለማይፈቅድ፣ ዓመቱን ሙሉ በእጁ ሲያስደንቅ የከረመ ልጅ በእግሩ ሲሞክር ይደናበራል። ጥቅሙም ያለው እዚያው መደናበሩ ላይ ነው። አንድ ዓመት የመጀመሪያውን ግጥሚያ ክፉኛ ተሸንፈን፣ ልጆቼ ምሳቸውን ሳይነጋገሩ በልተው ነበር። ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይዣቸው ወረድኩ፤ ጎሉ አራት ድንጋይ፣ ኳሱም ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ካልሲ ነበር። በጎል አግቢነቱ የምንመካበት አምበላችን ባዶ ጎል ፊት ኳሷን ስቶ አሸዋውን ሲመታ፣ ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ የማያውቀው ልጅ «አቦ፣ በእጅህ አድርጋት!» ብሎ ጮኸበት፤ አምበሉም ተዘርሮ ሳቀ። ያ ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ ለአምበሉ ቃል ተንፍሶ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ግን መከላከላችን በየት በኩል እንደሳሳ ከወንበሩ ሆኖ ሲነግረው ሰማሁ፤ አምበሉም አዳመጠው። ያንንም ግጥሚያ አላሸነፍንም፤ ከሜዳ ስንወጣ ግን እየተነጋገርን ነበር።

በሩቅ አገር ያሉ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችም ይህን ያውቁበታል፤ ከግጥሚያ በፊት በአዳራሹ መተላለፊያ ክብ ሠርተው ኳስ መሬት እንዳትነካ በእግራቸው ይቀባበላሉ፣ የሳተም ይወጣል። ከእኛ መሃል ባልገባ ብዙም አይርቅም።

ጥፋቴንም ልንገራችሁ። በሌላ ውድድር፣ በግማሽ ፍጻሜው ዋዜማ፣ ጨዋታው ይድመቅ ብዬ የተሸነፈው ወገን የለስላሳ ሒሳብ እንዲከፍል ወሰንኩ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሳቁ ጠፍቶ «ገብታለች፣ አልገባችም» የሚል ክርክር ተተካ፤ ወዲያውም የግራ ክንፍ ተጫዋቻችን ለኳስ ሲሻማ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ግማሽ ፍጻሜውን እግሩ ላይ በረዶ አድርጎ ከጎኔ ተቀምጦ ተመለከተ። አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ በቀለለኝ ነበር። ለጥቂት ጠርሙስ ለስላሳ ስል የቡድኑን ፈጣን ልጅ አጥቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ውጤት መቁጠርም ኳስ ለመንጠቅ መንሸራተትም ከልክያለሁ፤ ጨዋታውም ከ20 ደቂቃ አያልፍም፤ ዓላማው የደከመ እግር ሳይደነድን በቀስታ እንዲፍታታ ነውና። ልቅ አሸዋ ባት ስለሚያደክም ጠጠር ያለውን ዳር ምረጡ፤ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁና ውኃ አይለያችሁ። በክረምት ግን ደቻቱ ውስጥ ፈጽሞ አትግቡ። ከተማው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደጋው የጣለው ዝናብ በድንገት ሊደርስ ይችላል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ስንቱን ቤተሰብ እንደበተነ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

ቡድን ስትከፍሉ መራጮቹ ብዙ ጊዜ የማይሰለፉት ሁለት ልጆች ይሁኑ፤ አምበሉም እንደማንኛውም ሰው ተራው እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቅ።