ለኮዬ ፈጬ የእጅ ኳስ ልጆች

ልጆቼ፣

ቅዳሜ ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለችው አቧራማ ሜዳ ስትጫወቱ ቆሜ አያለሁ። ስፖርት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ብወጣም ሜዳ አይቶ ማለፍ አልሆነልኝም። ባለፈው አንዳችሁ «ጋሼ፣ በእጅ ኳስ ውጭ መሄድ ይቻላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ታክሲ መጣና ሳልመልስለት ሄድኩ።

ይቻላል። የእጅ ኳስ ተጫዋቹ ታላንት ዱይሼባዬቭ የተወለደው ኪርጊዝስታን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ፣ ሶቭየት ኅብረት ፈርሳ የቀድሞዎቹ ሪፐብሊኮች አንድ ላይ ባሰለፉት ቡድን ወርቅ አገኘ። በ1993 ለሩሲያ ተሰልፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1996 እና በ2000 ኦሎምፒክ ደግሞ የስፔንን ማሊያ ለብሶ ነሐስ ወሰደ። በመካከሉ ጀርመን ተጫውቷል። በ2016 በአሰልጣኝነት የፖላንዱን ኪየልሴ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አስነሣው።

እኔን ግን የሚገርመኝ የተጫወተበት ቦታ ነው። መሀል ሆኖ የሚያጫውት ሰው ነበር። የክንፍ ተጫዋች አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሮጦ ያገባል፤ የመሀሉ ግን ማን ወዴት እንደሚሄድ መናገር አለበት። ኳስ ይዞ ከሦስት እርምጃ፣ ቆሞም ከሦስት ሰከንድ በላይ አይፈቀድለትም። በዚያች ቅጽበት በየትኛው ቋንቋ ይጩህ? አገር በለወጠ ቁጥር ይህን እንደ አዲስ ይማራል።

ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንድ ግራኝ ተማሪ ነበረኝ፤ ክንዱ የተባረከ። «እንግሊዝኛው ይቆይህ፣ ልምምድህ ላይ በርታ» ያልኩት እኔው ነኝ። ውጭ ለሙከራ ተጠርቶ ሄደ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ኳሱስ አልከበደኝም፤ የሚሉኝ ነበር የማይገባኝ» አለኝ። እስከ ዛሬ ሳገኘው ዓይኑን ማየት ይከብደኛል።

ሌላው የደላላ ነገር ነው። እዚሁ አካባቢ አንድ አባት «ልጅህን ዓረብ አገር ክለብ አስገባዋለሁ» ላለው ሰው ላሙን ሸጦ ከፍሏል። ክለቡም የለም፣ ላሟም የለች። ተጫዋች የፈለገ ክለብ ይከፍላል እንጂ ከተጫዋች አይቀበልም። ከአገር አገር ስትዛወሩም ዝውውሩ በሁለቱ አገሮች ፌዴሬሽኖች በኩል በወረቀት ያልፋል፤ በስልክ ብቻ የሚያልቅ ነገር የለም። ውል ሲመጣ ደመወዙን ብቻ አትዩ፤ ብትጎዱ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚችል የሚለውን መስመር ፈልጉ። ጉልበትና ትከሻ በዚህ ጨዋታ ቶሎ ነው የሚጎዱት።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ያ ረጅሙ ግራኝ ልጅ ወደ ቀኝ ክንፍ ይዛወር፤ በግራ በኩል ለመምታት አንግሉ እየጠበበበት ሲቸገር አይቼዋለሁ። የእንግሊዝኛ ደብተሩንም ይዞ ይምጣ።