ቫልቩን ሳይሆን ካፓሲተሩን ይቀይሩ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «የፋብሪካ ስም የሌለው፣ ሣጥኑ ተራ ጣውላ የሆነ የእንግሊዝ ራዲዮ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1944 የተሠራ ነው። ሲከፈት ጥርት ብሎ ይናገራል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ግን ድምፁ ይሻክራል። የመጨረሻውን ቫልቭ ሁለት ጊዜ ብቀይርም ለውጥ የለም። ረጅም ሞገድም አይዝም።»

እባክዎ ሦስተኛ ቫልቭ፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላውን የመስታወት ቱቦ፣ አይግዙ። በእጅዎ ያለው ብሪታንያ በጦርነቱ ጊዜ ለሲቪሉ ሕዝብ ያሠራችው ራዲዮ ነው። ፋብሪካዎቹ ለጦሩ የመገናኛ መሣሪያ በማምረት ተጠምደው ስለነበር፣ በየቤቱ ለተበላሸው ራዲዮ ምትክ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ከ40 በላይ አምራቾች አንድ ንድፍ ተሰጥቷቸው ያለ ንግድ ስም ሠሩት፤ ዋጋውም 12 ፓውንድ ከ3 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ ነበር። ረጅም ሞገድ የሌለው ተበላሽቶ አይደለም፤ ሲጀመር ለመካከለኛ ሞገድ ብቻ የታሰበ ነው። የንድፉ አንድ መሆን ለጠጋኝ ትልቅ ጸጋ ነው፤ አንዱን የፈታ ሌላውንም ያውቀዋል።

አሁን ራዲዮውን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ሻንሲውን (ክፍሎቹ የተገጠሙበትን የብረት መደብ) ይገልብጡ። ወደ መጨረሻው ቫልቭ ግሪድ (ድምፁን ወደሚቀበለው የቫልቩ ክፍል) የሚሄድ፣ በካርቶን ተጠቅልሎ ሰም የጠጣ ካፓሲተር ያገኛሉ። ብዙ ጊዜ ሰሙ ቀልጦ እንደ ሻማ እንባ ከጫፉ ተንጠልጥሎ ይታያል። የዚህ ካፓሲተር ሥራ ድምፁን አሳልፎ ከፍተኛውን ቀጥተኛ ቮልቴጅ ማገድ ነው። ውስጡ ያለው ወረቀት በ80 ዓመት ውስጥ እርጥበት ሲጠጣ ግን ማገዱን ይተዋል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። የእርስዎ ራዲዮ 20 ደቂቃ የሚታገሠው ለዚህ ነው። ቮልቴጁ አልፎ ግሪዱ ላይ ሲደርስ ቫልቩ ከአቅሙ በላይ ጅረት ይስባል፣ ድምፁም ይሰበራል። በዚሁ ከቀጠለ የድምፅ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ እሱን መተካት ደግሞ ከባድ ነው።

ለማረጋገጥ በግሪዱ በኩል ያለውን ጫፍ ብቻ ከብየዳው ያላቅቁ። ጫፉ ምንም እንዳይነካ አድርገው ራዲዮውን ይክፈቱና በጫፉና በሻንሲው መካከል ያለውን ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይለኩ። ደህና ከሆነ የቮልቴጅ መለኪያው ለአፍታ ዘልሎ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ጥቂት ቮልት ይዞ ከቆየ ይጣሉት፤ በተመሳሳይ ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት በሚችል የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር ይተኩት።

አደራ፦ ውስጡ ከ200 ቮልት በላይ አለ፤ ከተነቀለ በኋላም በትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ይቆያል። በተከላካይ (ሪዚስተር) አራግፈው፣ ለክተው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ እጅዎን ያስገቡ። ከጥገናው በኋላም መጀመሪያ ባለ60 ዋት ባለክር አምፖል ከራዲዮው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር በተከታታይ አገናኝተው ይሞክሩት። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ሌላ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው፤ ወዲያው ይንቀሉት።

ሣጥኑን ቫርኒሽ ለመቀባት እንዳይቸኩሉ። ያ ተራ ጣውላ የዘመኑ እጥረት ምስክር ነውና እንዳለ ይቆይ። አሮጌውን የካፓሲተር ካርቶንም በሙቅ አየር አለስልሰው ውስጡን ካወጡለት፣ አዲሱን ትንሽ ካፓሲተር ከትተው ጫፎቹን በሰም መድፈን ይችላሉ።